የኖቬል ውድቀት በጥገና ፋይሎቹ ሲነበብ

የአንድ ትልቅ ኩባንያ ውድቀት ሲተረክ ወሬው ብዙውን ጊዜ በገንዘብና በአለቆች ላይ ያተኩራል። ማን ምን ገዛ፣ ምን ሸጠ፣ ከማን ጋር ተጣላ ይባላል። የኖቬልም ታሪክ የሚነገረው እንዲሁ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቢሮ ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ በማገናኘት ኖቬል ከሚሠራው ከኔትዌር ጋር የሚወዳደር ሶፍትዌር አልነበረም። ከዚያ ማይክሮሶፍት መጣ፣ ኖቬል ገንዘቡን በማያዋጣ ግዢ በተነ፣ ነገሩ አበቃ። ትረካው ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ያን ያህል የተደላደለ ገዢ እንዴት እንዲህ በቀላሉ ከዙፋኑ ወረደ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ብዙም አይጠቅምም። የተሻለ መልስ ያለው፣ ኩባንያው ስህተት ለማረም ከዓመት ዓመት ያወጣቸው በነበሩት ጥቃቅን ፋይሎች ውስጥ ይመስለኛል።

ፋይሎቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ሰርቨሩን የሚጠግን ነበር፤ እዚያ ኖቬል የገዛ ሥራውን ያርማል። ሁለተኛው በእያንዳንዱ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ኮምፒውተር የሚጠግን ነበር፤ እዚያ ደግሞ ጥገናው የሚከተለው በአብዛኛው ሌላ ኩባንያ ያመጣውን ለውጥ ነው። ዓመታት በገፉ ቁጥር የጥገናው ሸክም ከመጀመሪያው ወገን ወደ ሁለተኛው ተንሸራተተ። ውድቀቱን የማነበው ከዚህ መንሸራተት ነው።

ከመነሻው ልጀምር። ኖቬል ዳታ ሲስተምስ በ1979 በአሜሪካ ዩታ ግዛት የተቋቋመው ሃርድዌር ለመሥራት ነበር፤ ሥራው አልሰምር ብሎ ሊዘጋ ሲቃረብ በ1983 ሬይ ኖርዳ ተረከበው። ኖርዳ ከድርጅቱ ጋር የወረሰው ትልቁ ሀብት ሱፐርሴት የሚባል ጥቂት የፕሮግራም ጸሐፊዎች ቡድን ነው፤ ድሩ ሜጀር፣ ዴል ኒባወርና ካይል ፓወል ከውስጡ ነበሩ። ቡድኑ ያመጣው ሐሳብ ዛሬ ተራ ይመስላል። በዚያን ጊዜ የነበሩት ኔትወርኮች አንድን ውድ ሃርድ ዲስክ ሸንሽነው ለየኮምፒውተሩ የሚያድሉ ነበሩ። ሱፐርሴት ግን ዲስኩን ለሰርቨሩ ብቻ ተወለትና ሌሎቹ ፋይል እንዲጠይቁት አደረገ። ማን እንደሚከፍት፣ ማን እንደሚጽፍ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ መዝገብ ላይ ሲደርሱ ማን እንደሚጠብቅ የሚወስነው ሰርቨሩ ሆነ። የሒሳብ ክፍልና የዕቃ ግምጃ ቤት በአንድ ፋይል ላይ ሳይጋጩ መሥራት የቻሉት በዚህ ነው። ለሠራተኛው የሚታየው ነገር ቀላል ነበር፦ ማሽኑን ያበራል፣ ወደ ኤፍ ድራይቭ ይሄዳል፣ ሎጊን ብሎ ስሙንና የምስጢር ቃሉን ይጽፋል።

በ1989 የወጣው ኔትዌር 386፣ በተለይም በ1991 የተከተለው 3.11፣ ሰርቨሩን ከሥሩ ጀምሮ የኖቬል ንብረት አደረገው። የግል ኮምፒውተሮቹ መሠረታዊ ሶፍትዌር የሆነው ዶስ የሚያገለግለው ማሽኑን ለማስነሳት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ኔትዌር ሙሉ በሙሉ ይረከባል። ተጨማሪ አገልግሎቶች ኤንኤልኤም በሚባሉ ሞጁሎች ተቀናብረው ሰርቨሩ ሥራ ላይ እያለ ይጫናሉ፣ ይወርዳሉ። የጥገናው አሠራርም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነበር፤ እኔ በበኩሌ በዘመኑ ከተሠሩት የምህንድስና ሥራዎች መካከል ከሚያስደንቁኝ አንዱ ነው። ፓች የሚባሉት የጥገና ፋይሎች በሦስት ይከፈሉ ነበር። ዳይናሚክ የተባሉት፣ ሰርቨሩ ሳይጠፋና ተጠቃሚዎች ሳይወጡ በሜሞሪ ውስጥ ያለውን ኮድ ያርማሉ፤ ጉዳት ካመጡ ደግሞ ሲወርዱ የነበረው ኮድ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሴሚ ስታቲክ የተባሉት በሥራ መሀል ይጫናሉ፣ ማውረድ ግን አይቻልም። ስታቲክ የተባሉት ዋናውን የሰርቨር ፋይል በዲስኩ ላይ እንዳለ ይለውጣሉ። ይህን ሁሉ የሚያስተባብር የፓች ሥራ አስኪያጅ የሚባል ሞጁል ነበር፤ ባለሙያው ትእዛዞቹን ሰርቨሩ ሲነሳ በሚያነበው ፋይል ውስጥ በቅደም ተከተል ይጽፋቸዋል። ከረጅም ዓመታት በኋላ የሊኑክስ ሰዎች ማሽን ሳያጠፉ ከርነል መጠገን መቻላቸውን በታላቅ ዜና ሲያወሩ፣ አሮጌዎቹ የኔትዌር ባለሙያዎች ፈገግ ሳይሉ አልቀሩም።

የዚህ ሁሉ ፍሬ ጽናት ነበር። በ2013 አርስ ቴክኒካ የተባለው የቴክኖሎጂ ኅትመት ስለ አንድ የኔትዌር 3.12 ሰርቨር ጽፎ ነበር፤ በሴፕቴምበር 1996 ከተነሳ ጀምሮ ከ16 ዓመት በላይ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠፋ ሠርቷል። የተዘጋው ሶፍትዌሩ ስለተበላሸ አልነበረም፤ የሃርድ ዲስኮቹ ኩሽኔታ ድምፅ አላስቀምጥ ብሎ ነው።

የሰርቨሩ ወገን እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ፍጥነት ለማግኘት ሲባል ሁሉም ሞጁሎች ከከርነሉ ጋር በአንድ ሥልጣን፣ በአንድ ሜሞሪ ውስጥ፣ መሀላቸው ግድግዳ ሳይኖር ይሠሩ ነበር። አንዱ ሞጁል ሜሞሪ ቢያበላሽ ወይም ተራውን ለሌሎቹ አልለቅም ቢል ሰርቨሩ በሞላ ይቆማል። አቤንድ የሚለው መልእክት በኮንሶሉ ላይ ሲወጣ መቶ ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የውጭ ኩባንያዎች የጻፏቸው የባክአፕ፣ የዳታቤዝና የፀረ ቫይረስ ሞጁሎች ሲበዙ አቤንዱም በዛ። ኖቬል በኔትዌር 4 ሞጁልን ለይቶ የሚያስሞክር መከላከያ አስገባ፤ ብዙ ሰው ግን ፍጥነት ይቀንሳል ብሎ አልተጠቀመበትም። ቢሆንም ይህን እንከን ኖቬል በራሱ ውሳኔ ያመጣው ነበር፤ በራሱ ውሳኔም ሊያርመው ይችል ነበር።

የሠራተኛው ኮምፒውተር ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ባለቤቱ ዶስን የሚሠራው ማይክሮሶፍት ነው። ኖቬል ከዶስ አጠገብ ተቀምጦ፣ 640 ኪሎባይት ብቻ ከሆነው ሜሞሪ ላይ ቆንጥሮ፣ ፕሮግራሞች ለዶስ የሚያቀርቡትን ጥያቄ መሀል ላይ ይቀበላል፤ ጥያቄው የኔትወርክ ፋይል ከሆነ ለሰርቨሩ ይልካል፣ ካልሆነ ለዶስ ያሳልፋል። ይህን የሚሠራው ሼል የሚባለው ፕሮግራም ነበር። ሼሉ ከዶስ ፊት ለፊት ስለሚቆም የዶስን የውስጥ አሠራር ማወቅ ግድ ይለዋል፤ የዶስ ውስጥ ደግሞ ከእትም እትም ይለያያል። ስለዚህ ለዶስ 3 ኔት3፣ ለዶስ 4 ኔት4፣ ለዶስ 5 ኔት5 የሚባሉ የተለያዩ ሼሎች ነበሩ። በአንድ ቢሮ ውስጥ ሦስት ዓይነት ዶስ ካለ ሦስት ዓይነት ሼል ይኖራል፤ ዲስኬት የያዘው ባለሙያ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። በመጨረሻ ሁሉንም የሚያቻችል ኔትኤክስ መጣና ትንሽ እፎይታ ሆነ። ነገር ግን በ1993 ኤምኤስ ዶስ 6 ሲወጣ፣ አብሮት በሚመጣው ሴትቨር በተባለው መሣሪያ ሰንጠረዥ ውስጥ የኔትኤክስ ስም ተመዝግቦ ነበር። የሰንጠረዡ ሥራ፣ አዲሱን ዶስ የማያውቁ ፕሮግራሞችን መደለል ነው፤ ኔትኤክስ የዶስን ቁጥር ሲጠይቅ «5 ነኝ» የሚል መልስ ያገኛል። የገበያው ቁንጮ የሆነ ኩባንያ ምርት፣ ያለ ችግር እንዲሠራ በተፎካካሪው መልካም ፈቃድ ይዋሽለት ነበር።

የኖቬል ክላየንት፣ ማለትም በሠራተኛው ማሽን ላይ የሚቀመጠው ሶፍትዌሩ፣ በሰው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየ ሰው ነው። ኪራዩን በወቅቱ ቢከፍል፣ ክፍሉን ቢያሳምር፣ ባለቤቱ አጥሩን ሊያዞር ወይም የውኃውን መስመር ሊቀይር ሲነሳ አስተያየቱን የሚጠይቀው የለም።

ዊንዶውስ ሲመጣ መሯሯጡ ባሰ። ዊንዶውስ 3.0 እና 3.1 ብዙ ዶሶችን በአንድ ጊዜ እንዳሉ አድርገው ስለሚያሠሩ፣ በሥራቸው የተቀመጠው የኔትወርክ ሶፍትዌር ግራ ይጋባል፤ ማሽን ይደርቃል፣ ግንኙነት ይቆረጣል። ኖቬል ዶስአፕ እና ዊንአፕ የሚባሉ የጥገና ጥቅሎችን በቁጥር እያስከተለ አወጣ፤ ዶስአፕ9ና ዊንአፕ9 ላይ ደርሶ ነበር። እነዚህ የሚገኙት ኔትዋየር በተባለው፣ በኮምፒዩሰርቭ ላይ በነበረው የኖቬል አገልግሎት፣ ወይም በደንበኝነት በሚላክ ሲዲ ነበር። በሞደም ቀስ እያለ የሚወርደውን ጥቅል አውርዶ፣ ፈትቶ፣ ከውስጡ የትኛው ፋይል ለየትኛው ማሽን እንደሚሆን መለየት ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ።

ለዚህ ኖቬል ያገኘው መፍትሔ በምህንድስና በኩል ትክክለኛ ነበር። በ1993 ቪኤልኤም የሚባለውን አዲስ ክላየንት አወጣ፤ ከዶስ ፊት መቆሙን ትቶ ዶስ ራሱ ባዘጋጀው በር በኩል ከኋላ የሚገባ ነው። ግን በቢሮ ውስጥ የተሰማው ሌላ ነገር ነው። አዲሱ ክላየንት ብዙ ፋይል አለው፣ ሜሞሪ አጠቃቀሙን ለማስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል፣ የድራይቭ ፊደላት አቆጣጠሩም ተለወጠ፤ በኔትኤክስ ዘመን የኔትወርኩ ድራይቮች የዶስ ድራይቮች ካለቁበት ፊደል ይጀምሩ ነበር፣ ቪኤልኤም ግን ፊደላቱ ሁሉ እስከ ዜድ ድረስ አስቀድመው እንዲከፈቱለት ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ቢሮ በኔትኤክስ ጸና። የተሻለውን ነገር ደንበኛው ካልወሰደው፣ ኖቬል አሮጌውንም አዲሱንም መጠገን አለበት፤ ጠገነም።

ይህ ሸክም በደኅንነት ጉዳይ ላይ ምን እንደሚመስል በ1992 ታይቷል። በኔዘርላንድ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአንድ ተራ ኮምፒውተር ተነስተው የሱፐርቫይዘሩን፣ ማለትም የሰርቨሩን ዋና አስተዳዳሪ፣ ማንነት የተላበሰ ፓኬት በመላክ ሰርቨሩን ማታለል እንደሚቻል አሳዩ። የኖቬል ምላሽ ፈጣን ነበር፤ እያንዳንዱ ፓኬት ፊርማ እንዲይዝ የሚያደርግ ማሻሻያ አወጣ። ጥገናው ብልህ ነው። ችግሩ ፊርማ ሁለት ወገን መፈለጉ ነው፤ ሰርቨሩ ቢታደስም የሠራተኞቹ ሼል ካልታደሰ መፈረም አይችልም። ስለዚህ ከ0 እስከ 3 ደረጃ ተበጀለት፦ 0 አልፈርምም፣ 1 ከተጠየቅሁ እፈርማለሁ፣ 2 ሌላው ከቻለ እፈርማለሁ፣ 3 ያለ ፊርማ አልቀበልም። ሰርቨሩን በ3 ያደረገ ባለሙያ አሮጌ ሼል ያለውን ሁሉ ውጭ ያስቀራል፤ 2 ላይ የተወው ደግሞ ያልታደሰው ማሽን ሁሉ እንደ ቀድሞው ያለ ፊርማ ይገባለታል። የሰርቨሩ ጥገና በአንድ ሌሊት ያልቃል። የጠረጴዛዎቹ ጥገና ግን ወራት ይፈጃል፣ በብዙ ቦታም ጨርሶ አያልቅም።

አንዳንዱን ችግር ኖቬል በገዛ እጁ አምጥቷል። የኔትዌር ፕሮቶኮል የሆነው አይፒኤክስ በኢተርኔት ላይ ፓኬቱን የሚጠቀልልበት ቅርጽ እስከ 3.11 ድረስ የራሱ የሆነ፣ ደረጃውን ያልጠበቀ ዓይነት ነበር፤ ከ3.12 ጀምሮ ኩባንያው ደረጃውን የጠበቀውን ነባሪ አደረገ። ለውጡ ተገቢ ነው። ግን አዲስ ሰርቨር የተከለና የቢሮውን ማሽኖች እንዳሉ የተወ ሰው፣ ገመዱም ካርዱም ደህና ሆኖ ሳለ ሰርቨር አልተገኘም የሚል መልእክት ብቻ ያያል። አንድ መስመር ጽሑፍ ይፈታው ነበር፣ የትኛው መስመር እንደሆነ ለሚያውቅ።

ያ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሰርተፍኬት ነበረው። ኖቬል ሲኤንኢ የሚል ማዕረግ ፈጥሮ በሺዎች አሠልጥኗል፤ ሌሎች ኩባንያዎች በኋላ የገለበጡት ሥርዓት ነው። ለኩባንያው ታማኝ ሠራዊት፣ ለባለሙያው ጥሩ ደመወዝ ሰጠ። እንደሚመስለኝ ግን አንድ መጥፎ ልማድም አመጣ፦ ችግሩን የሚፈታ የሠለጠነ ሰው በየቦታው ሲኖር፣ ችግሩ መጀመሪያውኑ እንዳይፈጠር የማድረግ ጥድፊያው ይላላል። የማይክሮሶፍት ምርት ብዙ የማያውቅ ሰው እንኳ በመስኮትና በማውዝ ሊያቀናብረው ይችል ነበር፤ ሲኤንኢዎቹ በዚህ ይሳለቁ ነበር፣ ገዢዎቹ ግን ዋጋውን አሰሉ።

ወሳኙ ምዕራፍ ከ1993 እስከ 1995 ያለው ነው። ዊንዶውስ ኤንቲ በ1993 ሲወጣ የኖቬል ክላየንት አብሮ አልደረሰም። ማይክሮሶፍት አልጠበቀም። ከአይፒኤክስ ጋር የሚስማማ ፕሮቶኮል ራሱ ጻፈ፣ በኤንቲ 3.5 ደግሞ የኔትዌር ክላየንት ጨመረ። በሰርቨሩ እትም ላይ ያስገባው ጌትዌይ ከዚህም አልፎ፣ ብዙ ሠራተኞች በአንድ የኔትዌር ግንኙነት በኩል ተሰልፈው እንዲገቡ አስቻለ፤ ይህ የኖቬልን የፈቃድ ሽያጭ ሥሩን የሚበላ ነው። ዊንዶውስ 95 ከሳጥኑ ሲወጣ በማይክሮሶፍት የተጻፈ የኔትዌር ክላየንት በውስጡ ነበር፤ የኖቬል ክላየንት 32 ዘግይቶ ደረሰ። የማይክሮሶፍቱ ክላየንት መጀመሪያ ላይ የኖቬልን ዳይሬክተሪ፣ ማለትም የኔትወርኩን ተጠቃሚዎችና አገልግሎቶች በአንድ ላይ የሚይዘውን መዝገብ፣ አያውቅም ነበር፤ የሚያውቀው የ3.x ዘመን አሠራርን ነው። ተጠቃሚው ግን ፋይሉን አገኘ፣ ማተም ቻለ፣ ሌላ ምን ይፈልጋል? ከዚያን ቀን ጀምሮ ኖቬል በራሱ ደንበኛ ጠረጴዛ ላይ አማራጭ ተጨማሪ ሆነ። የኔትዌር ዳይሬክተሪ በ1993 የወጣ ነው፤ የማይክሮሶፍቱ አክቲቭ ዳይሬክተሪ የመጣው በ2000 ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ የቀደመ ሥራ፣ በጠረጴዛው ላይ ያለው ክላየንት ስለማያውቀው ብቻ ለብዙ ቢሮ እንደሌለ ተቆጠረ።

ለዚህ አነባበብ ሦስት መቃወሚያዎች ይቀርባሉ። አንደኛው የገንዘብ ብክነቱ ነው። ኖቬል በ1994 የጽሑፍ ማቀናበሪያውን ዎርድፐርፌክትን ገዝቶ በ1996 ከዋጋው ጥቂት ክፍልፋይ ብቻ አግኝቶ ለኮሬል ሸጠው። ብክነት መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ግዢዎቹን በቅደም ተከተል ላያቸው፣ በ1991 ዲአር ዶስን የሚሠራውን ዲጂታል ሪሰርች፣ በ1993 የዩኒክስን ባለቤትነት፣ ቀጥሎ ዎርድፐርፌክትን፣ ሁሉም የጠረጴዛውን መሬት ለመያዝ የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው። ኖርዳ ኪራዩ የት እንደሚያደርሰው ገብቶት ነበር። ችግሩ የገዛው መሬት ዊንዶውስ ያልተተከለበት መሆኑ ነው፤ ኖቬል ዶስ 7 በወጣ በአጭር ጊዜ፣ በ1994፣ ከኖርዳ በኋላ የመጣው አመራር ልማቱን አቆመው።

ሁለተኛው መቃወሚያ የበለጠ ክብደት አለው፦ ኢንተርኔት መጣ፣ የኢንተርኔት ፕሮቶኮሉ ቲሲፒ/አይፒ አሸነፈ፣ አይፒኤክስ የትም አይደርስም ነበር። አይፒኤክስ አድራሻውን ከካርዱ ራሱ ስለሚወስድ ማንም ቁጥር መጻፍ አይጠበቅበትም ነበር፤ በቢሮ ውስጥ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። በረጅም ርቀት መስመር ላይ ግን ሰርቨሮቹ በየ60 ሰከንዱ አለሁ እያሉ የሚያስተጋቡት ማስታወቂያ ቀጭኑን መስመር ያጣብባል። ይሁንና ኖቬል ቲሲፒ/አይፒ አልነበረውም ማለት አይቻልም። በ1989 ኤክሴላን የተባለውን ኩባንያ ከጠቀለለ ጀምሮ ላን ዎርክፕሌስ የሚባል ለዶስ የተሠራ የቲሲፒ/አይፒ ምርት በእጁ ነበር፤ ዊንዶውስ 95 ከመውጣቱ ስድስት ዓመት በፊት። ለብቻው በዋጋ የሚሸጥ ምርት አድርጎ ያዘው። ዊንዶውስ 95 ያንኑ ነገር በነጻ ከውስጡ ሲያወጣ፣ ገበያው ተዘጋ። ኔትዌር ራሱ በቲሲፒ/አይፒ ላይ በቀጥታ የቆመው በ1998፣ በ5ኛው እትም ነው። ኢንተርኔት ኖቬልን ጎዳው የሚለው እውነት ነው፤ የጎዳበት መንገድ ግን ያው በጠረጴዛው ባለቤት በኩል ነው።

ሦስተኛው፣ የማይክሮሶፍት ምርት ጥራቱ የተሻለ ነበር የሚለው፣ ረጅም መልስ አያስፈልገውም። በ1999 ለኤንቲ 4 የወጣው የጥገና ጥቅል፣ ሰርቪስ ፓክ 6፣ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌላቸውን የሎተስ ኖትስ ተጠቃሚዎች ከሰርቨራቸው ቆርጦ ስለነበር በሳምንታት ውስጥ 6ኤ በሚል መተካት ነበረበት። የኖቬል ደንበኞች እንዲህ ያለውን ነገር በጣት እያሳዩ ይስቁ ነበር። ማሸነፊያው የጥገና ጥራት ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር። የማይክሮሶፍት መጥፎ ጥገና የሚያስከፍለው ደንበኛውን ነው፤ ደንበኛው የት ይሄዳል? የኖቬል መዘግየት የሚያስከፍለው ራሱን ኖቬልን ነበር፤ ሌላው ክላየንት በማሽኑ ላይ ተጭኖ ተቀምጧልና።

ከዚያ ወዲያ ያለው በአጭሩ ይነገራል። በ1998፣ ብዙ ደንበኛ ከ3.x አልነቃነቅ በማለቱና የ2000 የኮምፒውተር ቀን ችግር በመቃረቡ፣ ኖቬል የተከማቹትን ማስተካከያዎች አጠቃሎ ኔትዌር 3.2 ብሎ አወጣ፤ አዲስ ቁጥር የተሰጠው የጥገና ጥቅል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኔትዌር 6.5 በ2003 ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሱሴ ሊኑክስን ለመግዛት የተስማማው ኩባንያ፣ በ2005 አገልግሎቶቹን ኦፕን ኢንተርፕራይዝ ሰርቨር በሚል ወደ ሊኑክስ ማሻገር ጀመረ። የኔትዌር አጠቃላይ ድጋፍ በማርች 2010 አበቃ። ኩባንያውም በ2011 ለአታችሜት፣ በ2014 ለማይክሮ ፎከስ፣ በ2023 ለኦፕንቴክስት ተላለፈ። ያ ማሽን ሳያጠፋ ራሱን ይጠግን የነበረው የሰርቨር ከርነል ዛሬ ማንም አያርመውም። ክላየንቱ ግን አሁንም አለ፤ ስሙ ተቀይሮ፣ ለዊንዶውስ 10 እና ለዊንዶውስ 11 የሚሆን ማሻሻያ ይወጣለታል፣ ማይክሮሶፍት የሆነ ነገር በለወጠ ቁጥር።